የእትዬ ራስ ምታት

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስማር መቱ ውስጥ የተከራየሁት ክፍል ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ ፊት ለፊት ነበር። ማትሪክ ሊደርስ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ከወደቅኩ ሁሩሙ ተመልሼ ከአባቴ ጋር ቡና መልቀም ነው፤ እሱም ቢሆን ለውትድርና ካልታፈስኩ ነው።

ማጉያው ገና ሲነጋ መዝሙር ይለቃል፣ ከዚያ ስብሰባ ይጠራል። መዝሙሩንስ ለመድኩት። ያልለመድኩት ሰው ከመጠራቱ በፊት ያለችውን ጊዜ ነው። ጠሪው ማይክሮፎኑን ሁለቴ «እፍ፣ እፍ» ይልበታል፤ ቀጥሎ የሰው ስም ይመጣል። በዚያች መሃል ያጠናሁት ፊዚክስ ብን ብሎ ይጠፋል። የተጠራው ሌላ ሰው ሲሆን ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ጠዋት በቤት አከራዬ ፊት ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ከወልቂጤ በኩል መጥተው ከተማው ውስጥ የቆዩ ባለሱቅ ናቸው።

«እትዬ፣ ይሄ ጩኸት ሊያሳብደኝ ነው። አንድ ገጽ አልገፋ አለኝ» አልኳቸው።

«ጨልኢሲ! ዝም በል፣ ሰው ይሰማሃል!» አሉኝ። ሲደነግጡ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከሳቸው አልነቀልኩም። በሦስተኛው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቀበሌ ሲሻገሩ በመስኮት አየኋቸው። ስኳር ሊያመጡ ነው እንዳልል፣ ቀኑ የራሽን አልነበረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ሴትዮዋ ሸጡኝ አልኩ።

በማግስቱ «እፍ፣ እፍ» አለና የእኔ ስም መጣ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ተቀመጥ እንኳ አላለኝም። «አከራይህ ራሴን ያመኛል፣ ማጉያው ወደ ገበያው ይዙርልኝ ብላ አመልክታለች። እውነት ታማለች?» አለኝ።

ወጥመድ መሰለኝ። እትዬ አስቀድመው ነግረውብኛል፣ አሁን ከራሴ አፍ ሊሰማ ነው ብዬ ደመደምኩ።

«ታመው አይቼ አላውቅም፣ ጓድ» አልኩ። ለማሰብም አልቆምኩም።

ከሰዓት በኋላ የእትዬ ስም ተጠራ። ሱቃቸው ሁለት ቀን ተዘግቶ ዋለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ነገሩን ከሁሉም በኋላ ከጎረቤት ሰማሁ። «ማን ልኮሽ ነው?» እያሉ ቢያፋጥጧቸው ስሜን አላነሱም። ራስ ምታት ኖሯቸውም አያውቅም፤ የሄዱት እንዳጠና ብለው ነበር።

ሲመለሱ አንድ ዓይናቸው አብጧል። ምን እንደተናገርኩ ያውቁ እንደሆነ ፊታቸውን ባየው ባየው አልገባኝ አለ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ፍራሼን ጠቅልለው ያዙና ከመንገዱ ወደራቀው ወደ እሳቸው መኝታ ቤት ወሰዱት። የእሳቸውን በእኔ ክፍል፣ ከማጉያው ፊት ለፊት አነጠፉ።

«እዚያ ይሻልሃል፤ አጥና» አሉኝ።

አጠናሁ። አለፍኩም።