ሐረርጌ የተመደበችው አደይ

መምህር ሙጬ ከቡሬ የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቅ የገጠር ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ዐባይን ተሻግሮ አያውቅም፤ በአዲስ አበባው መንገድ የሄደውም እስከ ደምበጫ ነው። ይህ ግን ስለ ኦሞ ወንዝ አብሮ አደጉ ይመስል ከማውራት አላገደውም።

በ1978 ለወላጆች ቀን የኢትዮጵያን ካርታ ሜዳው ላይ በዐመድ አሰመረ። በየክፍለ ሀገሩ አንድ ልጅ ቆሞ የዚያን አገር ወንዝ፣ ታሪክና ምግብ ይናገራል። የዐሥራ አራቱን ልጆች ስም ከነቦታቸው ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ።

በማግስቱ ከዐሥራ አራቱ የመጣው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ጎጃም የደረሰው።

ዘመኑ የሰፈራ ነው። ስም ከቦታ ጋር ሲለጠፍ ምን እንደሚከተል ገበሬው ያውቃል። አገር ለሙጬ ካርታ ነበር፤ ለወላጆቹ ግን ዝርዝር። ልጆቹ ካልተመለሱ የሚፈርሰው በዓሉ ብቻ አይደለም፤ ክፍሉም ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆቹን ሰብስቦ አስረዳ። ሐረርጌ የደረሳት የአደይ እናት፣ እህተ ማርያም፣ ተነሣች።

«መምህር፣ ልጄ ምን በድላዎት ነው ለዚያ ሐሩር የሰጧት?»

«ሜዳው ላይ እኮ ነው፣ እትዬ። ከደጅዎ ይታያል።»

«ሰፈራውም የተጀመረው ሜዳ ላይ ተሰብስበን ነው። ጎጃምን ለማን ሰጡት?»

«ለባዬ ልጅ።»

«ዶሮ ለሚያመጣልዎት ባዬ?»

ሰው ሳቀ። ሙጬ ዶሮው ለፋሲካ ብቻ እንደሆነ ሊያስረዳ ጀምሮ ተወው።

«እርስዎስ የት ተመደቡ?»

«እኔማ አስተማሪ ነኝ።»

«ካድሬውም እኔ አስተባባሪ ነኝ ነበር ያለን።»

ሰኞ ሙጬ ዝርዝሩን ቀደደና ሐረርጌ ላይ ብቻውን ቆመ። እኛ ባልደረቦቹ በመስኮት እያየን፣ መላጣው በፀሐይ እየጋለ፣ ስለ ዋቢ ሸበሌ ለባዶው ሜዳ አስተማረ። እህተ ማርያም ውሃ የምትቀዳ መስላ ሦስት ጊዜ አለፈች። በአራተኛው እንስራዋን አውርዳ መስመሩ ዳር ቆመች።

«እስካሁን የወሰደዎት የለም» አለች።

«የለም።»

«እዚያ ሰው ምን ይበላል?»

«ቆላው ላይ የግመል ወተት ይጠጣሉ።»

«በጾም?»

«እስላሞች ናቸው፤ የራሳቸው ጾም አላቸው።»

እንስራዋን አነሣች። «እንዲያ ከሆነ ደግ» አለች።

ማክሰኞ አደይን ይዛ መጣች። ሌሎቹም ወላጆች ይህን አይተው ልጆቻቸውን ላኩ። ሐሙስ፣ በወላጆች ቀን፣ ዐሥራ አራቱም በየቦታቸው ቆሙ፤ ሐረርጌ ላይ ግን ሁለት ሰው ነበር። እህተ ማርያም የልጇን እጅ ጭብጨባው እስኪያበቃ አልለቀቀችም።