ጭስ የጠገበው ዱላ

ልጅ ሳለሁ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ሞላሌ አጠገብ ባለው ቀያችን ራት ተበልቶ የኩበቱ እሳት ወደ ፍም ሲለወጥ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ በየነ ባናቸውን ተከናንበው ተረት ያወሩልን ነበር። የሌላ ቤት ልጅ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ይሰማል፤ የእኛ ቤት ተረት ግን አንድ ብቻ ነበር።

ጋሼ በየነ በጉብዝናቸው ዘመን ለገና ጨዋታ ወደር አልነበራቸውም። ሩሯን፣ ያቺን ከጠፍር የተሠራች ድቡልቡል፣ ሲለጓት የታች ቀዬ ሰዎች ዞር ይሉላት ነበር አሉ። በአንዱ ገና ግን ጓደኞቻቸው ሁሉ ዝለው እሳቸው ብቻቸውን ሲታገሉ፣ የታች ቀዬው ጌጡ ሩሯን ትቶ ጉልበታቸውን በዱላ መታቸው። ወደቁ፤ የእኛው ላይ ቀዬም ተሸነፈ። በገና ሜዳ የተመታ ሰው ደግሞ ክስ የለውም፣ ካሳ አይጠይቅም፤ የአገሩ ደንብ ነው። ስለዚህ ጋሼ በየነ እያነከሱ፣ ጌጡን በየሰንበቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «እንደምን አደርክ» ሲሉት ኖሩ።

«እስቲ ዛሬ እንኳ ጌጡን ያሳርፉት» ትላቸዋለች እናቴ።

«እኔን መች አሳረፈኝ?» ይሉና ከምድጃው በላይ ወደተንጠለጠለው ዱላ ቀና ይላሉ። ጫፉ ቆልማማ ወይራ ነው፤ ቅቤ ተቀብቶ ዓመት ከዓመት ጭስ ይጠጣል። ያኔ እኔም በኩራዙ ብርሃን አንጋጥጬ እያየሁት ሴት መሆኔ ያናድደኝ ነበር፤ ዱላው ለወንድሜ ለደምሴ የተቀመጠ ነበርና።

ደምሴ አደገ፣ እንደታሰበለትም ሆነ። ዱላው በወረደበት ገና ወገኖቻችን ከጠዋት ጀምሮ ሲረገጡ ዋሉ፤ የሚጫወተው እሱ ብቻ ነበር። ከሁሉም መሀል ሩሯን እየነጠቀ ሁለቴ አሻግሮ እኩል አደረገን። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሩሯ እግሩ ሥር ቆመች። ፊት ለፊቱ ከጌጡ ልጅ በቀር ማንም አልነበረም። አንዴ ቢለጋት እናሸንፍ ነበር።

«ደምሴ! ጉልበቱን!» ብለው ጮኹ ጋሼ በየነ ከዳር ሆነው።

ደምሴ ሩሯን ተዋት። የጌጡ ልጅ አጥንት ሲሰበር እኔ የቆምኩበት ድረስ ሰማሁት። ታች ቀዬዎች ሩሯን ነጥቀው አሻገሯት፤ ተሸነፍን። ማታ ደጃችን ላይ እየጨፈሩ ሲሰድቡን ጋሼ በየነ ጠላ አስቀድተው «አሸነፍን!» ይሉ ነበር። እኔም ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ከዓመታት በኋላ ጌጡ ሞቶ ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ያ ልጁ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳና በአክብሮት ቦታ ሰጠኝ። ዓይኔ ጭሱን ሲለምድ ቀና አልኩ። ከምድጃቸው በላይ ቅቤ የጠገበ ቆልማማ ወይራ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ አንድ ትንሽ ልጅ ተቀምጦ ያየኛል።

«አባዬ፣ የደምሴ እህት እሳቸው ናቸው?»

«አዎ፣ ነኝ» አልኩት እኔ። ልጁ ዱላውን አየ፣ መልሶ እኔን አየ።

ከነዚያ ምሽቶች ምን እንደቀረልኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። የደምሴ ልጅ በዚያ ሰሞን መራመድ ጀምሮ ነበር። በማግስቱ ማለዳ ዱላ ልቆርጥለት መጥረቢያ ይዤ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣሁ፤ ጫፉ የቆለመመ ወይራ የሚበቅልበትን ቦታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር።