የበረራ አስተናጋጇ ባል

ሚስቱ ከበረራ በምትመለስበት ቀን ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን አስወልውሎ ከትኬት ሻጯ መስኮት ፊት ይገተራል። ዓይኑ ከበረራ ሰሌዳው አይነቀልም። ዛሬ ግን ቅናቱ አላስችል አለው።

"እህቴ፣ ሲሄዱ አንድ ሰዓት፣ ሲመለሱ ሦስት! መንገዱ ያው አይደል እንዴ? ከአብራሪው ጋር የት ተቀምጠው ነው?"

ትኬት ሻጯ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

"ኧረ ጋሼ! ሲሄድም ሲመጣም ሁለት ሁለት ሰዓት ነው። የዚያ አገር ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ የሚጽፈው በየአገሩ ሰዓት ነው።"

ሰውዬው እፎይ ብሎ ኮሌታውን አቃና። በዚህ መሃል ሚስቱ ከአብራሪው ጋር እየተሳሳቀች ብቅ አለች። ባሏን ስታይ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

"ሰዓቱስ እሺ ይሁን" አለ ባልየው ወደ ትኬት ሻጯ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ "ይኼንንስ ምን ትይኛለሽ?"