ለአውራጃው ቡድን የመረጥናቸው

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደባርቅ ጠላ ቤት ከእኩዮቼ ጋር ስቀመጥ ወሬው ዞሮ ዞሮ በደርግ ጊዜ ወደነበረው የአውራጃችን የኳስ ቡድን ይሄዳል። «ያን ዘገምተኛ በግራ ክንፍ ማን አሰለፈው?» ይላል አንዱ። «መራጮቹ ዓይን አልነበራቸውም» ይላል ሌላው። ከሦስቱ መራጮች አንዱ እኔ መሆኔን የሚያውቁ ያውቃሉ፤ የማያውቁት ደግሞ አጠገቤ ተቀምጠው ያፌዛሉ። ያን ዘገምተኛ በግራ ክንፍ ያሰለፍኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደመረጥኩት ልናገር።

ያኔ በደባርቅ የስፖርት መምህር ነበርኩ፤ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ጎንደር ላይ የአውራጃዎች ውድድር አለና ቡድን አዋቅሩ ተባልን። ለመምረጥ የተቀመጥነው ሦስት ነን። አንዱ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ቡድን የተጫወቱ፣ ጉልበታቸው ሲጎዳ ወደ አገራቸው የተመለሱ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ሁለተኛው የወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ ኳስ ነክቶ አያውቅም፣ ማኅተሙ ግን በእጁ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ጸሐፊውም እኔው ነበርኩ።

ሜዳችን ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ወደ አንድ ጎን ያዘቀዘቀ መሬት ላይ ነበር። ጉም ሲወርድ በረኛው አጥቂውን የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነው። እዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ልጆቹን አጋጠምናቸው። በሦስተኛው ቀን አስራ ስድስት ስም ላይ ተስማማን። የቀረን አንድ ቦታ ነው፤ የግራ ክንፍ።

ለዚያ ቦታ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዱ ዲያቆን ነው። አባቱ በከተማው ደብር ዜማ የሚያስተምሩ፣ ትልቅ ትንሹ «የኔታ» የሚላቸው ሰው ናቸው። ልጁ ጨዋ፣ ታዛዥ፣ ደከመኝ የማይል ነው፤ ሩጫው ግን ዘገምተኛ ነው፣ በግራ እግሩም ኳስ መምታት አይሆንለትም። ሌላው ከዳባት ወዲህ ካለች መንደር የመጣ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ እኛ ያኔ በሌላ ስም ነበር የምንጠራቸው። አባቱ ማረሻና ማጭድ ይሠራል፣ እናቱ ሸክላ ትሠራለች። ልጁ ግራኝ ነው። ኳሷ እግሩ ላይ ከገባች ማን ይንጠቀው! በዚያ ቀን ሁለት ተከላካይ አስቀምጦ ሁለት ጊዜ አገባ፤ ሦስተኛውን ለሌላ ሰው አመቻቸ።

«ይሄ ልጅ እግሩ ላይ ዓይን አለው» አሉ ሃምሳ አለቃው።

«ዓይንስ አለው» አለ ሊቀመንበሩ። «የማን ልጅ እንደሆነ አያውቁም እንዴ?»

«ኳስ ነው የምንመርጠው፣ ዘር ነው?»

«እኔ በስብሰባ ላይ ሁሉም እኩል ነው እላለሁ፤ መመሪያም ነው። ልጆቹ ግን ከሱ ጋር ከአንድ ኮዳ ውሃ አይጠጡም። ነገ አንዱ ሆዴን ቆረጠኝ ቢል ‹በላው› ነው የሚባለው። ያን ጊዜ እርስዎ ይመልሱልኛል?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የኔ ድምፅ ነበር የሚቆርጠው። ልጁ የተሻለ እንደሆነ ለማወቅ መራጭ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ከብት ሲጠብቁ ቆመው ያዩ ሰዎች እንኳ አጨብጭበውለታል። እኔ ግን የኔታ ቅር እንዳይላቸው፣ የከተማው ሰው ክፉ እንዳይለኝ አሰብኩ። ከዚያም አልፎ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ራሴ ፈራሁ። ጎንደር ድረስ አጠገቡ መቀመጥ ከበደኝ። «ዲያቆኑ ይሁን» አልኩ። ሃምሳ አለቃው ከዘራቸውን አንስተው ሳይሰናበቱን ሄዱ።

በማግስቱ የቀጥቃጩ ልጅ ስሙን ከዝርዝሩ ላይ አጥቶ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም። ቁመትህ አጥሮ ነው» አልኩት።

ከኔ በስንዝር ይበልጣል። ቁልቁል አየኝና «እሺ» ብሎ የዳባትን መንገድ ይዞ ሄደ።

የቀረኝ የኔታን ማስፈቀድ ነው። ከተማሪዎቻቸው መካከል ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ኳስ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። «ዜማውን ሊጨርስ ነው። ደግሞ አንድ ልጄ ነው፣ ሌላ የለኝም።»

«የኔታ፣ ለአገሩ ስም ነው። በደህና ወስጄ በደህና እመልስልዎታለሁ።»

«አንተ ካልክ» አሉ። ልጁ ከኋላቸው ቆሞ ይሰማ ነበር። ፊቱ ላይ ደስታ አላየሁበትም፤ ሁለት ታላላቆቹ በእሱ ላይ ሲነጋገሩ እንደሚሰማ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ጎንደር ላይ አራት ለባዶ ተሸነፍን። ገና ምንም ሳይገባብን ለዲያቆኑ ጥሩ ኳስ ደርሶት ነበር፤ በረኛው ወድቋል፣ ጎሉ ባዶ ነው። በግራው መምታት ሲገባው ኳሷን ወደ ቀኙ ልመልስ ሲል ተቀማ፤ እሷው ኳስ ሄዳ እኛ ላይ ገባች። ስንመለስ በጭነት መኪናው ላይ ቆሜ እያንዳንዱን ልጅ በየተራ ገመገምኩ። የግምገማ ዘመን ነበር፤ ምላሴም ስለት ነበረው። አንዱን ፈሪ፣ አንዱን ከርሳም አልኩ። ዲያቆኑ ጋ ስደርስ «አንተስ መቋሚያህን ይዘህ ብትገባ ይሻልህ ነበር፤ ቢያንስ ትደገፍበታለህ» አልኩት። መኪናው በሳቅ ተናወጠ። እሱም ሳቀ። ዳባት እስክንደርስ ድረስ «መቋሚያ» እያሉ ሲጠሩት አላስቆምኳቸውም።

ለውድድሩ ስንሄድ ተጫዋቾቹ ሁሉ በጤና ረዳት ተመርምረው ነበር። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ቁመታቸውን፣ «ጤነኛ» መባላቸውን በንጹሕ የእጅ ጽሕፈቴ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሬ ሊቀመንበሩ ማኅተም መትቶበታል። ያ ወረቀት ከሊቀመንበሩ መሳቢያ ገባ።

ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ለከተማችንም ኮታ መጣ። ወጣቱ ሲሰማ ግማሹ ወደ ቆላ ወረደ፣ ግማሹ ገጠር ዘመድ ጋ ተደበቀ። የኛ ልጆች ግን አልሸሹም። ከውድድሩ በኋላም በየሳምንቱ እያሰባሰብኩ አሠለጥናቸው ነበርና፣ ቡድን ስለሆንን አይነኩንም ብለው አመኑ። እኔም «እናንተ የአውራጃው ልጆች ናችሁ» እላቸው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አስተዳደሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ለምልመላው የመጣው ሹም የኔን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። ሊቀመንበሩ ከጎኑ ተቀምጦ መስኮቱን ያያል።

«ጽሕፈትህ ያምራል» አለኝ ሹሙ። «ሥራችንን አቅልለህልናል። የጎደለኝ አስራ ስድስት ሰው ነው፤ እዚህ ያሉት አስራ ሰባት ናቸው። አንዱን አስቀራለሁ። አንተ ታውቃቸዋለህ፤ ማን ይቅር?»

እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ዛሬ ስንት ነገር ማለት እችል ነበር እላለሁ። አልመርጥም ማለት እችል ነበር። አንድ ልጅ ብቻ ያላቸውን አባት ማሰብ እችል ነበር፤ ነግረውኛል እኮ። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ግን ስለ ኳስ ነው። ተከላካይ ይተካል፣ አጥቂ ይተካል፣ ክንፍማ መጀመሪያም አልነበረንም፤ በረኛ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም አልኩ በልቤ። በበረኛው ስም ላይ መስመር አሰመርኩ።

«ለምን እሱን?» አለኝ ሹሙ።

«ለቡድኑ ያስፈልጋል።»

«የምን ቡድን?» ብሎ ከልቡ ሳቀ። ሊቀመንበሩም አብሮት ሳቀ።

ልጆቹን ለልምምድ ብዬ ሜዳ እንድጠራቸው ተነገረኝ። ጠራኋቸው። ማሊያቸውን ለብሰው መጡ። ሰውነት ለማሟሟቅ መሮጥ ሲጀምሩ ወታደራዊው መኪና ከመንገዱ ወጥቶ ሜዳው አፍ ላይ ቆመ። ዲያቆኑ ሲሳፈር ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ለአባባ ማን ይነግርልኛል?» አለኝ። «እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩት። አልነገርኳቸውም። የሰሙት ከውሃ ቀጂዎች ነው።

ሃምሳ አለቃው ገበያ ላይ አግኝተውኝ በሰው ፊት ያዙኝ። «በረኛ አስቀረህ አሉ?»

ላልፋቸው ሞከርኩ።

«እኔ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ አንተ ኳስ ሲገባ ነው ያየኸው» አሉኝና ምራቃቸውን እግሬ ሥር ተፉ።

በረኛው ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ሜዳ አልወጣም። የጓደኞቹ እናቶች በመንገድ ሲያገኙት ፊታቸውን ያዞሩበት ነበር፤ አንዷማ «የኔ ልጅ በአንተ ፈንታ ነው የሄደው» ብላ ደረቱን ደበደበችው። ወሩ ሳይሞላ ወደ መተማ ወረደ፤ ወሬውም ጠፋ።

እኔ ግን አልበቃኝም። ለሚቀጥለው ውድድር ቡድን አምጣ ስለተባልኩ ሰው መፈለግ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ የታወሰኝም ያ ግራኝ ነው። አንድ ቀን ወደ መንደሩ ሄድኩ። አባቱ ማረሻ ይቀጠቅጣል፣ ልጁ ወናፍ ይነፋል። ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ነገርኳቸው።

«ዘንድሮ ቦታ አለን» አልኩ።

«ቦታማ ይኖራል» አለ አባቱ፣ መዶሻውን ሳያስቀምጥ። «የነበሩትን ወስደዋቸው የለ። መምህር፣ ያን ጊዜ ልጄን ስላልመረጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። መርጠውት ቢሆን ዛሬ አብሯቸው ነበር። እናቱ ስምዎን እየጠራች ትመርቅዎታለች።»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ቁመቴ ደረሰ?»

እናቱ በአዲስ ሸክላ ውሃ ቀድታ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። ከደባርቅ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። ተቀበልኳት፣ ያዝኩት፣ ከንፈሬ አጠገብ አድርሼ መልሼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሦስቱም አዩኝ። እናቱ ውሃውን ደጅ ደፍታ ሸክላውን ድንጋይ ላይ ሰበረችው።

ብዙም ሳይቆይ መንደሯ ባዶ ሆነች። ሱዳን ተሻገሩ ተባለ። በገበያ ቀን የዳባት ገበሬ ያወራው ስለ ሰዎቹ አልነበረም፤ ማረሻ የሚያበጅልን ጠፋ ብሎ ነው ያዘነው። ውሃቸውን የማንጠጣ ሰዎች የቤታቸውን ጣሪያ አፍርሰን፣ በራቸውን ነቅለን፣ ማሰሮአቸውን ተካፈልን። እኔም አንድ መዝጊያ ደርሶኛል። ለትምህርት ቤቱ የዕቃ ክፍል አደረግሁት።

ደርግ ሲወድቅ ከአስራ ስድስቱ ሦስቱ ተመለሱ። መሃል ሜዳ ይጫወት የነበረው አንድ ክንዱን አጥቶ መጣ። ስለ ዲያቆኑ የነገረኝ እሱ ነው። የሞተው በመጀመሪያው ክረምት ኤርትራ ውስጥ፣ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ ነው።

«ምሽግ ውስጥ ያስቀን ነበር» አለኝ። «በርስዎ ድምፅ ‹መቋሚያህን ይዘህ ግባ› ይል ነበር። ቁርጥ እርስዎን።»

እሱ እንደ ቀልድ ነው የነገረኝ። እኔም ፈገግ ማለት ነበረብኝ፤ ፈገግ አልኩ።

ለየኔታ መርዶው ከተነገረ በኋላ ደጃቸው ለመድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ስሄድ እዚያው ቦታቸው፣ ከተማሪዎቻቸው መካከል ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ተቀመጥ ሳይሉኝ ጠየቁኝ።

«ልጄ ጥሩ ተጫዋች ነበር?»

መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀሁት መልስ «እጅግ ጥሩ» የሚል ነበር። ሲጠይቁኝ ግን አልወጣ አለኝ።

«አልነበረም፣ የኔታ።»

«ከሱ የሚሻል አልነበረም?»

«ነበር። የቀጥቃጩ ልጅ ይሻል ነበር።»

«ታዲያ ለምን የኔን ወሰድክ?»

«ለምን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል።»

ተማሪዎቹ ዜማውን አቁመው ያዩናል።

«አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ያን ጊዜ ብትጠይቀኝ እኔም እሱን ተው እልህ ነበር። አባቱ ማረሻ ሲያበጅልኝ እንኳ በሩቁ ነበር የምቀበለው።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ሂድ አሁን» አሉኝ። «ልጆቹን ሥራ አስፈታሃቸው።»

ከበሩ ሳልወጣ ዜማው ካቆመበት ቀጠለ። በዚያው ሰሞን ከአዲሱ አስተዳደር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የወረዳውን ቡድን እንድመርጥ ይጠይቃል። ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረኝም። ሄድኩ፤ ልጆቹን አሰልፌ ማን ይግባ ማን ይቅር እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ።