ከአስር ስንት

«እማ፣ ዶክተሯ ስትጠይቀኝም ተመስገን ነው የምለው?» ብላኝ ነበር ልጄ፣ ላምበረት ታክሲ ስንጠብቅ። ሆዷን ካመማት ወራት አልፎ ነበር። «ለማንም ቢሆን ተመስገን ነው የሚባለው፤ ማማረር ነውር ነው» አልኳት።

ዶክተሯ ሕመሟን ከዜሮ እስከ አስር በቁጥር እንድትነግራት ስትጠይቃት «ሁለት» አለች። በየቀጠሮው ሁለት ነው። ያንኑ የጨጓራ ሽሮፕ ይዘን እንመለሳለን፤ እኔም በጨዋነቷ እኮራለሁ።

አንድ እሑድ ከየካ ሚካኤል ስንመለስ ሆዷን ይዛ መንገድ ላይ ተቀመጠች። ላብ አጥምቋታል።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ። ሁልጊዜም ዘጠኝ ነበር። ተመስገን በይ ብለሽኝ ነው እንጂ።»

በማግስቱ ጠዋት ይዣት ሄድኩ። ዶክተሯ «እንዴት ሰነበታችሁ?» ስትለን፣ አፌ የለመደውን ዋጥ አድርጌ «ዘጠኝ ነው» አልኳት።