ሽማግሌዎቹን የያዘው አግዳሚ ወንበር

ሶዶ ከተማ፣ ወደ ኦቶና በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው የእንጨት ሥራ ቤት የገባሁ ዕለት ዋናው ባለሙያ ጋሽ ሉቃስ መጋዝም መዶሻም አልሰጠኝም። የሰጠኝ አንድ እግር የሴት ናይለን ካልሲ ነው።

«እጅህን አስገባበትና ጠረጴዛውን ዳብሰው» አለኝ።

ዳበስኩት። ካልሲው አንድ ቦታ ላይ ተያዘ።

«እንግዲያው አላለቀም። ዓይን ይዋሻል፣ ካልሲ አይዋሽም።»

በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀን አምስት ሰዎች ነበርን። ከላይ ጋሽ ሉቃስ፣ ቀጥሎ ቆራጩ፣ ከዚያ ሁለቱ ገጣጣሚዎች፣ ከሁሉም በታች እኔ። ማትሪክ ወድቄ የመጣሁ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ቆራጩ ስሜን ትቶ «አሻሹ» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ በመጨረሻ በለስላሳው፤ ሁልጊዜ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ፣ ውሃው የእንጨቱን ቃጫ እንደ ፀጉር ሲያቆመው እንደገና ማሸት። ቫርኒሹ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም ስስ ስስ ተደርጎ።

አብዛኛው ሥራችን ሰዎች ቤታቸው ሠርተው የሚያመጡት ዕቃ ነበር። በዚያ ዘመን ቅዳሜና እሁድ አናጢ የማይሆን አስተማሪ ጥቂት ነው። ሁሉም «አጨራረሱ ብቻ ነው የቀረው» ይላሉ። ዕቃውን ስታየው አጀማመሩም ገና ነው።

በሦስተኛው ዓመቴ መምህር ባሳ ከቦዲቲ አንድ አግዳሚ ወንበር በሚኒባስ ጣሪያ ጭነው መጡ። ባለመደገፊያ፣ የዋንዛ፣ ራሳቸው የሠሩት። እኔ ደግሞ ልጃቸውን ማርታን ሁለት ዓመት ሙሉ ስወዳት ቆይቼ፣ በሳምንቱ እሁድ ሽማግሌ ልልክ ነው። መልእክቱ ደርሷቸዋል።

«አንተ ነህ አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እስቲ እጅህን እንየው። ሽማግሌዎችህ የሚቀመጡት እዚህ ላይ ነው።»

ይህን ብለው ሄዱ። 

ማሸት ስጀምር ብርጭቆ ወረቀቱ ቶሎ ቶሎ ይደፈናል። ጋሽ ሉቃስ ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«ይህ እንጨት ቅባት ጠጥቷል። ምን እንደቀቡት ሰውየውን ጠይቃቸው። ከዚያ በቲነር እጠበው፣ አድርቀው፣ እንደገና እጠበው። አትቸኩል።»

እኔ ግን ቸኮልኩ። የወደፊት አማቴን «ምን ቀብተውት ነው?» ማለት ሥራቸውን መናቅ መሰለኝ። አንዴ አጠብኩት፣ ቀባሁት፤ ወንበሩ እንደ መስታወት አበራ። ዓርብ አውራ ጣቴን ባሳርፍበት ግን አሻራዬ ቀረ።

«ደረቀ?» አለ ጋሽ ሉቃስ ከሩቅ።

«ደርቋል!» አልኩ። ቅዳሜ በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ቦዲቲ ሰደድኩት።

ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይሄድምና የሆነውን የነገረኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነበረው አጎቴ ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከቸርች መልስ በጠራራ ፀሐይ ደረሱ። ተቀመጡ፤ ተደገፉ፤ ነገሩን አቀረቡ። መምህር ባሳም እንደ ወጉ፣ «ሰምተናል፤ ከዘመድ እንምከርበት። ዛሬ ሂዱና ሌላ ጊዜ ተመለሱ» አሉ።

በመጀመሪያው ቀን «እሺ» የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌም ያውቀዋል፤ አመስግኖ ይነሣል። አጎቴ ሊነሣ ሲል ጋቢው ወደ ኋላ ሳበው። ሁለተኛው ሞከረ፣ እሱንም ያዘው። ሦስተኛው መሞከሩንም ተወው። ወንበርህ ያዘን ብሎ የባለቤቱን ሥራ ማዋረድ ደግሞ ነውር ነው።

«ሂዱ እኮ ነው የምላችሁ» አሉ መምህር ባሳ።

አጎቴ ላቡን ጠረገና፣ «ከዚህ ወንበር አንነሣም!» አለ። ዕድሜ ልኩን እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሮ አያውቅም።

መምህር ባሳ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ለልጃችሁ ይህን ያህል ከጸናችሁ እኔም አልከለክልም። እሺ ብያለሁ። በሉ ተነሡና እንጸልይ።»

ሦስቱም ባንድ ጊዜ ብድግ አሉ። ወንበሩም አብሯቸው ብድግ አለ፤ ከዚያ ጠርርር ብሎ ለቀቃቸውና ወደቀ። መደገፊያው የጋቢ ጥጥ ለብሶ ቀረ። የማርታ እናት ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ሮጠች። መምህር ባሳ አልሳቁም።

በማግሥቱ አስጠሩኝ። ማርታን እንዳጣኋት እርግጠኛ ነበርኩ፤ ከሶዶ ቦዲቲ እስክደርስ እንዳለቅስ ከንፈሬን ነክሼ ነው የሄድኩት።

«ሽማግሌዎችህ የጸኑ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

«ያጸናቸው የእኔ ሥራ ነው፣ ጋሼ። ቅባት እንዳለው አውቄ ነበር። ልጠይቅዎት አፍሬ ነው።»

 ወደ ጓዳው በር አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቅቤ ነው። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ እንግዳ ሲመጣ እንዲያበራ ብዬ ቀባሁት። ፊት የሚያበራ ቅቤ እንጨት የማያበራ መሰለህ? ልነግርህ እኔም አፍሬ ነው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ ያልኩትን አላጥፍም። ማርታ ከዚህ ቤት የምትወጣው ግን እነዚያው ሽማግሌዎች እዚህ ላይ ተቀምጠው በሰላም ሲነሡ ነው።»

ቫርኒሹን በሙሉ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ፋቅኩት። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ያየኝ ነበር። አራት ጊዜ አጠብኩት፤ በየመሐሉ አደረቅኩት፤ በመጨረሻ አዲስ ቫርኒሽ ስስ ስስ አድርጌ ቀባሁት። አምስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። አጎቴ መጀመሪያ መሐረቡን ወንበሩ ላይ አኖረና አነሣው። መሐረቡን በፀሐይ አየው። ከዚያ ተቀመጠ፤ ከዚያ ተነሣ። ሌላ ሰው ሳይቀድማት እልል ያለችው ራሷ ማርታ ናት።

ከዚያ ወዲህ የሰው ዕቃ ሲመጣልኝ ምን እንደተቀባ ሳልጠይቅ አልነካም። ባለቤቱ ቢያፍርም እጠይቃለሁ፤ እኔ ባፍርም እጠይቃለሁ። ቅባት የጠጣ እንጨት ሳይታጠብ ቫርኒሽ አይቀባም።