ሦስት ጭረት ያለበት ስፒና

ደመቀች ይግዛውን የሚያውቅ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማል፤ ልጅቷ «አይቻልም» ሲሏት አትሰማም። ጆሮዋ ደህና ነው፣ ሌላውን ሁሉ ትሰማለች። ይህን ቃል ስትሰማ ግን ፒንሳዋን በቀበቶዋ እንደሸጎጠች ከሰውየው ፊት ትቆምና «የት ጋ ነው የማይቻለው? አሳየኝ» ትላለች። ሰውየውም ብዙውን ጊዜ የሚያሳያት ቦታ ያጣል።

ከሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜዋ አሥራ ሁለቱን የኖረችው ጋምቤላ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ቤተሰቡ ከወሎ ተጭኖ አቦቦ አጠገብ፣ ቁጥር እንጂ ስም ያልተሰጠው የሰፋሪዎች መንደር ሲደርስ አሥር ዓመቷ ነበር። ገና ከመኪናው ሳይወርዱ እናቷ ጆሮዋን ያዝ አድርጋ አንድ ነገር አስጠናቻት። «አባትሽ ሥራው ምንድን ነው ቢሉሽ፣ ገበሬ ነው በዪ። ሌላ አታውቂም።»

ሌላውን ግን ታውቃለች። ይግዛው ቀንድ ሠሪ ነበር፤ አባቱም፣ አያቱም። የወረዳው ሰው በሠርጉና በማኅበሩ የሚጠጣበት ዋንጫ ሁሉ ከእነሱ እጅ የወጣ ነው። ይኸው ሰው ታዲያ ዋንጫውን እየወደደ ሠሪውን ይጠየፋል። ቤቱ ገብቶ አይበላም፣ ልጁን አይድርለትም፣ ሕፃን ከታመመም የሚታማው የእሱ ዓይን ነው። የጅል ሥራ ነው፤ ግን በዚህ ጅልነት ስንት ቤት ፈርሷል! ጋምቤላ ሲደርሱ ይግዛው ማንነቱን የሚያውቅ ሰው ያለ አልመሰለውም። ሁሉም እኩል ዶማ ተሰጠው፣ ሁሉንም እኩል ወባ ያዘው። ሰው ቤት ተጠርቶ በላ፣ ሰውም እሱ ቤት መጥቶ በላ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሚስቱ በዚያው ወባ ስትሞት መንደሩ በሙሉ ለቅሶ ተቀመጠላት። ያንን ለቅሶ ይግዛው አልረሳውም፤ ዳግመኛም ቀንድ በእጁ ላለመንካት ቆረጠ።

ደመቀች በበኩሏ የገበሬ ማኅበሩን ሬዲዮ ፈትታ፣ ለሁለት ቀን መንደሩን ዜና አሳጥታ፣ ከበፊቱ አሻሽላ ገጥማ ያስረከበች ልጅ ነች። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብታ ኤሌክትሪክ ተማረች። ስትመለስ ክልሉ ምክር ቤቱንና ቢሮዎቹን ያቋቋመው በቅርቡ ስለነበር የታፔላዎቹ ቀለም ገና አዲስ ነው። እሷም ከመንደሯ ብዙ በማይርቅ አንድ የሩዝ እርሻ ተቀጠረች።

እርሻው ረጅም የውሃ ቦይ ነበረው። በቦዩ ጎን፣ ከውሃ መግቢያው እስከ ቢሮው፣ በውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው አንድ ኬብል ተዘርግቷል። ቦዩ ላይ የቆሙት የውሃ መለኪያ ሳጥኖች በየሰዓቱ፣ በየተራቸው፣ በዚህ ኬብል ምት ይልካሉ። ቢሮ ውስጥ ያለ አንድ ብዕር ምቱን ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። ምቱ ሲበዛ ውሃው ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ በዝናብ ጊዜ የቦዩ በሮች የሚከፈቱትና የሚዘጉት ይህ ወረቀት እየታየ ነው።

ችግሩ ከኬብሉ ላይ ቅርንጫፍ ማውጣት ነበር። ስፒና ያለው ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ ነው። መሀል ላይ ሳጥን ለመጨመር ኬብሉን ቆርጦ፣ ሽቦውን ልጦ፣ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ነው የነበረው ዘዴ። አንዱ ሳጥን ለጥገና ሲነሣ ከእሱ ወዲያ ያሉት ሁሉ ዝም ይላሉ። የናስትሮው ሙጫ በሙቀቱ ይለቃል፣ እርጥበት ይገባል፣ የቀረውን ምስጥ ይጨርሰዋል። መሐንዲሱ ኤልያስ ቁጣው ቶሎ የሚመጣ፣ ቶሎም የሚሄድ ሰው ነው፤ በሚያዝያ ግን ቁጣው መጥቶ ሳይሄድ ቀረ።

«ቅርንጫፍ የሚያወጣ ስፒና ከውጭ እስኪመጣ ስምንት ወር ይፈጃል አሉኝ» አለ። «እስከ ግንቦት ሰላሳ መስመሩ ካልተስተካከለ ኬብሉን ጠቅልዬ ለሌላ ፕሮጀክት እሰጣለሁ። ዘበኞቹም እንደ ድሮው በእግራቸው እየሄዱ ያንብቡ።»

«እኔ እሠራዋለሁ» አለች ደመቀች።

«ስፒናውን? በምን?»

«እሱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

በምን እንደምትሠራው በዚያች ደቂቃ አታውቅም ነበር። ይህ ግን እሷን አላሳሰባትም።

መጀመሪያ በእንጨት ሠራችው። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ኬብሉ ሳይቆረጥ በስፒናው ቤት ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ ሁለት የናስ ምላሶች ሁለቱን ሽቦዎች ይነኩና በጎን በኩል ባለው አፍ ወደ ሳጥኑ ያወጣሉ። ቅርንጫፉ ቢነቀል፣ ቢሰካ፣ ግንዱ ሥራውን አያቆምም። አንደኛውን ወገን ቀይ፣ ሌላውን ሰማያዊ ቀባችና ለአራተኛው ሳጥን ዘበኛ ለኦኬሎ ሰጠችው። ኦኬሎ ቦዩ ሲቆፈር ጀምሮ እዚያው የኖረ አኙዋክ ነው። እስከ ወገቡ ውሃው ውስጥ ገብቶ ሰካው። ቢሮ ውስጥ ብዕሩ ወደ ላይ መጻፍ ሲገባው ወደ ታች ይጭር ጀመር። ስፒናው ተገልብጦ ነው የተሰካው።

ደመቀች እየሮጠች ደርሳ «ቀይ በቀይ አላልኩህም?» ብላ ጮኸችበት።

ኦኬሎ እጁን ከጭቃው አውጥቶ አሳያት። ስፒናውም እጁም አንድ ቀለም ሆነዋል። «ደመቀች፣ ቀለም ለዓይን ነው» አላት። «እኔ እዚያ ታች ዓይን የለኝም። እጅ ብቻ ነው ያለኝ። ለእጅ ንገሪው።»

ተናደደች፤ ትክክል ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ ተናደደች። በሦስተኛው ቀን እንጨቱም ውሃ ጠጥቶ አበጠና ተሰነጠቀ። ማታውኑ ቁጭ ብላ የሚያስፈልጋትን ነገር ጠባይ በወረቀት ዘረዘረች። ውሃ የማይሰነጥቀው፣ ምስጥ የማይደፍረው፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ፣ ሲሞቅ የሚታዘዝ፣ ሲበርድ በያዘው ቅርጽ የሚጸና፣ ውስጡም ባዶ የሆነ። የጻፈችውን መልሳ አነበበችው። የጻፈችው የቀንድን ጠባይ ነበር። ቀንድ አለስልሶ ቅርጽ የሚያስይዝ ሰው ደግሞ በዚያ አገር የምታውቀው አንድ ብቻ ነው።

«አይሆንም» አለ ይግዛው። በቆሎ እየኮተኮተ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

«አባዬ፣ አምስት ስፒና ብቻ። ለአራቱ ሳጥኖች አራት፣ አንድ ለመሞከሪያ።»

«አንድም አይሆን። እናትሽን ማን ቀበራት? ይህ መንደር። የማን ሚስት ብሎ? የገበሬ ሚስት ብሎ። አሁን ቀንድ ስፍቅ ቢያዩኝ ቤቴን ማን ይረግጠዋል?»

ደመቀች በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ «የት ጋ ነው የማይሆነው?» አላለችም። የት ጋ እንደሆነ ታውቀዋለች። ከጎኑ ሆና አረም መንቀል ጀመረች። ሁለት መስመር ከጨረሱ በኋላ እሷው ተናገረች።

«በር ዘግተህ ሥራው። ማንም አያይህም። ከየት አመጣሽው ቢሉኝ አዲስ አበባ ካለ ነጋዴ ገዛሁት እላለሁ።»

«በእናትሽ ማዪልኝ።»

ማለችለት።

በነጋታው ጋምቤላ ከተማ ወርዳ፣ ኒውላንድ ሰፈር ካለ ሉካንዳ አንድ ጆንያ ቀንድ ጭና መጣች። የኑዌር ከብት ቀንድ ረጅምና ወፍራም ነው። ባለ ሉካንዳው የሚጥለውን የምትወስድለት ሴት በማግኘቱ ሁለት ጊዜ አመሰገናት። የአይሱዙው ተሳፋሪዎች ግን እስከ አቦቦ ድረስ አፍንጫቸውን ይዘው ሲረግሟት ሄዱ።

ይግዛው በሩን ዘግቶ ጆንያውን ፈታ። አንዱን ቀንድ አነሣ፣ በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገው፣ አዳመጠና ጣለው። ሁለተኛውንም ጣለ። ሦስተኛውን «ይሄ» አለ። ከዚያ መጋዙን አነሣ።

መንደሩ እርሻ ሲወርድ በሩን ዘግቶ ይሠራል። ይሁን እንጂ ቀንድ ሲሞቅ ይሸታል፤ ሽታውን የሚያስቀር በር የለም። ጎረቤት ሲጠይቅ ደመቀች ሳታስብ «ቀንድ የምናጨሰው እባብ ለማባረር ነው» አለች። በማግስቱ ሦስት ሴቶች ለየቤታቸው የሚያጨሱት ቁራጭ ሊለምኑ መጡ። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት እማማ ሺታዬ ግን ቁራጭ አልጠየቁም። እማማ ሺታዬ ከወሎ በአንድ መኪና አብረዋቸው የመጡ፣ ምላሳቸው የማይሰንፍ አሮጊት ናቸው። በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ ያደርጉና «ይግዛው፣ እባቡ ወጣልህ ወይ?» ይላሉ።

«እየወጣ ነው፣ እማማ» ይላል ይግዛው፣ ላብ እያጠመቀው።

ደመቀች ስፒናው ተገልብጦ እንዳይገባ አንደኛውን የናስ እግር ወፍራም፣ ሌላውን ቀጭን አደረገችው። ለአባቷ በኩራት አሳየችው። እሱ አገላብጦ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ እኮ አልገባም ብሎ ሰውየው ሲታገል ነው የሚታወቀው። ታግሎ ቀጭኑን ያጣምመዋል። እጅ አስቀድሞ ይወቀው እንጂ።» ሞረዱን አንሥቶ በስፒናው ከንፈር ላይ ሦስት ጭረት አወጣ፤ በሚሰካበት ቤት ከንፈር ላይም በዚያው ወገን ሦስት። «ጨለማ ቤት ውስጥ የሚጠጣ ሰው አፉን የሚያሳርፍበትን ወገን በአውራ ጣቱ እንዲያገኘው፣ አባቴ በየዋንጫው ላይ እንዲህ ያወጣ ነበር።»

ደመቀች ዓይኗን ጨፍና ሞከረችው። ጭረቱ ከጭረቱ ሲገጥም ስፒናው ሰተት ብሎ ገባ። ደስ ከማለቷ የተነሣ አባቷን ግንባሩ ላይ ሳመችው። እሷ ደግሞ በቀንዱ ባዶ ሆድ ውስጥ የራሷን ነገር አስገባች፤ ከተበላሹ ሬዲዮኖች የነቀለቻቸውን፣ ኤሌክትሪክ የሚገቱ ሬዚስተሮች። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ ጥፋቱ እዚያው ታፍኖ እንዲቀር፣ ግንዱን ጎትቶ እንዳይጥል ነው። በላዩ ከመዠንግር ማር ቆራጮች የመጣ ሰም አቅልጣ ሞላችበት።

የሙከራው ቀን ግንቦት ሃያ ዘጠኝ ነበር። ከዝናቡ በፊት ቦዩን ለመጥረግ መንደሩ ተቀጥሮ ስለነበር ይግዛውም እማማ ሺታዬም ሌላውም ሰው እዚያው ነው። ኤልያስ ብዕሩን ከነወረቀቱ በፒካፕ አስጭኖ መጣ። ደመቀች ብዕሩን ቦዩ ዳር በአምስተኛው ስፒና ከኬብሉ ጋር አገናኘችው፤ አራቱ ሳጥኖች ለዕለቱ በየደቂቃው እንዲልኩ አድርጋለች።

ኦኬሎ እስከ ወገቡ ገባ። «አየሽ፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ» ብሎ ጮኸላትና ስፒናውን ሰካው። ብዕሩ የአራተኛውን ሳጥን ምት ወደ ላይ ጻፈ። ነቀለው፤ የሦስቱ ቀጠለ። ኤልያስ ራሱ ስፒናውን ተቀብሎ ገልብጦ ሊያስገባው ታገለ፣ እምቢ አለው። ከዚያ በትክክለኛው ወገን ሰካውና ለማንም ሳይናገር ካቻቢቴውን አውጥቶ የአራተኛውን ቅርንጫፍ ሁለት ሽቦዎች አገናኛቸው።

ደመቀች አልደነገጠችም ብል እዋሻለሁ። አራተኛው ዝም አለ። አንደኛው ግን ጻፈ፣ ሁለተኛው ጻፈ፣ ሦስተኛውም ትንሽ ደከም ብሎ ጻፈ።

ኤልያስ ሣቀ። «ኬብሉ የትም አይሄድም» አለ። ስፒናውን ነቅሎ በመዳፉ እያገላበጠ ቀጠለ። «የውስጡ የአንቺ እንደሆነ ገብቶኛል። ይህን ቀንድ ግን ማን ነው የሠራው? እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም።»

አካፋ የያዘው ሰው ሁሉ ወደ ደመቀች ዞረ። «አዲስ አበባ ካለ...» ብላ ጀመረች። ያ ማንንም የማይፈራ ድምፅዋ አነሰባት። አባቷ የሠራውን ሌላ ሰው ሠራው ብላ ልትናገር ነው፣ አባቷ ፊት። «...ካለ ነጋዴ ነው» የሚለው ከአፏ አልወጣ አለ።

ይግዛው ከቦዩ ወጣ። አካፋውን መሬት ላይ አስተኛው።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የሠራሁት። ቀንድ ሠሪ ነኝ። አባቴም ቀንድ ሠሪ ነበር።»

ኤልያስ «ጎበዝ!» ብሎ እጁን ዘረጋለት፤ ምን እንደሰማ አልገባውም። መንደሩ ግን ገብቶታል። ሁሉም ሥራውን አቁሞ እርስ በርሱ ይተያያል። ደመቀች ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ታያለች፤ በዚያች ቅጽበት ኬብሉንም እርሻውንም ረስታዋለች።

እማማ ሺታዬ ቀስ ብለው መጡና ስፒናውን ከኤልያስ እጅ ወሰዱት። አውራ ጣታቸውን በጭረቶቹ ላይ አሳለፉ።

«ምን አዲስ ነገር ነገርከን?» አሉት። «ይህን ጭረት አላውቀውም? የአባትህ እጅ የሠራው ዋንጫ ነበረኝ። ሲጭኑን ቤት ቀረ። እዚህ ሳይህ፣ እሰይ ሌላ ይሠራልኛል አልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅሁህ፤ አንተ በቆሎህን ትኮተኩታለህ!»

«ያውቁ ነበር?» አለ ይግዛው።

«መኪናው ላይ ነው ያወቅሁህ። ቤትህ የበላሁት ሳላውቅ መሰለህ? ሚስትህን አጥቤ የገነዝኳት ሳላውቅ መሰለህ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሣቀ፣ ሌላውም ተከተለው። ሁሉም አልሣቀም። ሁለት ሦስት ሰው ፊቱን አዙሮ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እነዚያ ከዚያም በኋላ የይግዛውን ደጅ ዞረው ነው የሚያልፉት። ይግዛው ግን እነሱን አላየም። ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ነው፤ እጁን በሱሪው ላይ ጠረገና ወደ እማማ ሺታዬ ቀና አለ።

«ለጠላ ነው ለጠጅ?» አላቸው።

ዋንጫ ሠሪ ደንበኛውን መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ደመቀች ከወሎ ከወጡ ወዲህ ከአባቷ አፍ ሰምታው አታውቅም።

«ለጠላ» አሉ እማማ ሺታዬ። «ትልቅ አድርገው፤ ብዙ ጠብቄያለሁ።»